ለኮሽታ ሁሉ የሚቆመው ቀስቃሽ

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ መምህሩ።

ይህን ያሉት አስካለ ጠይቃቸው መልስ ስትጠብቅ ነው። አስካለ ብየዳ የተማረች ሴት ናት። የራሷን የብረታ ብረት ቤት ልትከፍት ሦስት ጊዜ ተነሥታ ሦስቱንም ጊዜ ትታዋለች። አንዴ የጎረቤት ሳቅ አስቆማት፤ አንዴ የአጎቷ ቁጣ፤ አንዴ ደግሞ ማን እንዳወራው እንኳ የማታስታውሰው ወሬ። ለአራተኛ ጊዜ ልትነሣ ስትል ፈራችና ሙያውን ወዳስተማሯት ሽማግሌ ሄደች። «መምህር፣ ሰው የሚለኝን ልስማ ወይስ ጆሮዬን ልድፈን?» አለቻቸው። እሳቸው ስሚም አትስሚም አላሏትም። እንዲህ ብለው ነገሯት እንጂ፦

አንዲት ሴት ነበረች፤ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ። አንድ ወንዝም ነበረ፤ ከደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ የሚወርድ። ቆላው ላይ ፀሐይዋ ግንባር እየበሳች ደጋው ላይ ዶፍ ይወርዳል። ታዲያ ውኃው ማንም ሳያስበው ይደርስና በወንዙ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙትን ሰዎች ከነማሳቸው ይጠርጋል። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ተራ ነበራቸው። ክረምት ሲገባ በየቀኑ አንድ ሰው ከመንደሩ በላይ ካለ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ሲያይ ይውላል፤ ውኃው ሲደፈርስና ግንድ መጎተት ሲጀምር ጥሩንባ ይነፋል። አንዳንድ ቀን ተረኛው ያንቀላፋል፣ አንዳንድ ቀን አሞት ይቀራል። ቢሆንም ብዙ ነፍስ ያተረፈ ተራ ነበር።

ባለሙያዋ የተላከችው ይህን ተራ በመሣሪያ እንድትተካ ነው። ከመንደሩ በላይ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ ሽቅብ፣ በወንዙ አፋፍ ላይ የቆርቆሮ ክፍል አሠራች። በክፍሉ ውስጥ አንድ ሣጥን ሰቀለች። በሣጥኑ ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር መዳፍ አትሞላም፤ ሁለ ነገሯ በአንዲት ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው። ውኃ ውስጥ የተነከረ መለኪያ የወንዙን ከፍታ ይነግራታል፤ ከፍታው ከልኩ ሲያልፍ እርሷ በሬዲዮ ታስተላልፋለች፤ መንደሩ መሐል የቆመው ሳይረን ይጮኻል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በይ። እንዲህ ያለች ኮምፒውተር መብራት ሲመጣላት ምንም አታውቅም። ወንዝ መኖሩን አታውቅም፣ ሳይረን መኖሩን አታውቅም። ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ባለሙያዎች ቡትሎደር ይሉታል፤ እኔ ቀስቃሽ እለዋለሁ። ሥራው ዋናውን ፕሮግራም ከተኛበት ፈልጎ መቀስቀስ ብቻ ነው። ቀስቅሶት ዞር ይላል። ታዲያ ከመቀስቀሱ በፊት ሦስት ሰከንድ ይቆጥራል። ሊያዘው የሚፈልግ ባለሙያ ካለ በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ ላፕቶፑን ከሣጥኑ በሚወጣ ገመድ አገናኝቶ አንድ ፊደል ይልክለታል። እርሱም መቁጠሩን ትቶ ይቆማል፤ «ምን ልታዘዝ?» እንደ ማለት ነው። እስኪታዘዝም ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ባለሙያዋ በጋውን ሙሉ ስትፈትነው ከረመች። አርባ ጊዜ አጠፋችው፣ አርባ ጊዜ አበራችው፤ አርባውንም ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተነሣ። የመንደሩ ሰዎች ሳይረኑ ሲጮኽ ሰምተው እልል አሉ። ተራውም ቀረ። ጥሩንባውን የት እንዳስቀመጡት እንኳ ረሱት።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረና መብረቅ ይጥል ጀመር። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ደግሞ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። ታች ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበርና ሰዎቹ ሽንኩርታቸውን እየነቀሉ ነበር። ሳይረኑ ዝም አለ። ውኃው ደረሰ። ሁለት ጥማድ በሬ ወሰደ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሮቻቸውን ወሰደ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥታ ጀምበር እስክትጠልቅ ስትጣራ ቆየች። ሰው አልሞተም። ያልሞተው ግን መሣሪያው ስላዳነው አልነበረም።

ባለሙያዋ በማግስቱ መንደሩ ደረሰች። ማሳዋ በአሸዋ የተሸፈነባት አንዲት ገበሬ ወጥታ ተቀበለቻት። አልጮኸችባትም፤ ብትጮኽባት ይቀላት ነበር።

«እህቴ፣ መሣሪያሽ ባይመጣ እኛ ተራችንን እንጠብቅ ነበር» አለቻት። «ከቋጥኙ ላይ ያወረድሽን አንቺ ነሽ።»

ባለሙያዋ ፊቷ እየነደደ ሽቅብ መንገዱን ተያያዘችው።

ክፍሏን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሣጥኑን ከፈቱላት። ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየው ቀዩ መብራት በርቷል፤ ኮምፒውተሯ መነሣቷን የሚያሳየው አረንጓዴው ግን መብለጭለጭ ሲገባው ድርግም ብሏል።

«መብረቁ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ እንደ ፈዘዘ ነው» አሏት።

አጥፍታ አበራችው። ተነሣ። ደግማ አጠፋች፣ አበራች። ተነሣ። አሥር ጊዜ ሞከረች፤ አሥሩንም ጊዜ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ተነሣ። ባለሙያ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ብልሽት ነው፤ ስትመጪ የሚደበቅ፣ ስትሄጂ የሚመለስ።

ወደ አለቃዋ ደወለች። አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነው። «መብራት በመቆራረጡ ነው ብለሽ ሪፖርት ጻፊና ነይ። ማንም አይጠይቅሽም» አላት።

«እኔ እጠይቃለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ለመንደሩ ሰዎች መልእክት ላከች። «እኔ ራሴ መጥቼ እስክነግራችሁ ድረስ ተራችሁን መልሱ። መሣሪያዬን አትመኑ።» ይህን መልእክት መላክ ከሽቅቡ መንገድ ይልቅ ከበዳት። ሆኖም ላከችው፤ ጥሩንባውም ተፈልጎ ተገኘ። እርሷ ፍራሽ አስመጥታ ከቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ዝናብ መጠበቅ ጀመረች።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ላፕቶፗን በገመዱ አገናኝታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። መብረቁ ጣለ፣ መብራት ሄዶ መጣ፤ ቀስቃሹ ሦስት ቆጠረ፣ ዋናውን ቀሰቀሰ፣ ኮምፒውተሯ ተነሣች። በሁለተኛውም ዝናብ እንዲሁ። በሦስተኛውም እንዲሁ። ባለሙያዋ ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

«አንቺ ስትይዥው አይታመምም» አሉ አዛውንቱ። «ልጆቼ ሕፃን ሳሉ እንዲህ ያደርጉኝ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ትኩሳቱ ብን ይላል።»

ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን አቆመች። እኔ ስይዘው? ምኑን ነው የምይዘው? የምትይዘው ገመዱን ነበር።

በአራተኛው ዝናብ ላፕቶፗን ነቀለች። ገመዱን እንደ ቀድሞው ተንጠልጥሎ እንዲቀር አደረገችና እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች። ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። መብራት ሄደ፤ መጣ። ቀዩ በራ። አረንጓዴው ዝም። ላፕቶፑን መልሳ ሰካችና አንድ ቁልፍ ብቻ ነካች። ቀስቃሹ ወዲያው መለሰላት፦ ምን ልታዘዝ?

አልሞተም ነበር። አልተበላሸም ነበር። ቆሞ ትእዛዝ እየጠበቀ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ገመዱን ሁለት ሜትር አድርጋ የቀጠለችው፣ ሣጥኑን በየጊዜው ላለመክፈት ብላ ተንጠልጥሎ እንዲቀር የተወችው ራሷ ናት። ጫፉን ላፕቶፕ ካልያዘው እንዲህ ያለ ገመድ የሰማዩን ኮሽታ ሁሉ ይሰበስባል። መብረቅ በጣለ ቁጥር ገመዱ ውስጥ አንድ ኮሽታ ያልፋል። ቀስቃሹ አንድ፣ ሁለት ብሎ እየቆጠረ ሳለ ያንን ኮሽታ ይሰማና «ባለሙያዬ ጠራችኝ» ብሎ ቀጥ ይላል። ማንም አልጠራውም። በበጋ መብረቅ ስላልነበረ አርባ ጊዜ ተነሣ። ወንዙ በሚሞላበት፣ ለዚያው ተብሎ በተሠራለት ቀን ግን ቆመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

«እንኳን ታወቀ» አሉ አዛውንቱ። «የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጥፋት ነው የሚያስፈራው።»

ንዴት ያዛት። በራሷም በቀስቃሹም ተናደደች። «ከእንግዲህ ምንም አይሰማም!» አለችና መቁጠሩን ከለከለችው፤ ጆሮውንም ዘጋችው። መብራት እንደመጣ ቀጥታ እንዲቀሰቅስ አዘዘችው።

«ጨርሶ?» አሉ አዛውንቱ። «አንቺ ብትጠሪውስ?»

«እኔም ብጠራው።»

ሁለት ኃይለኛ ዝናቦች አለፉ። በሁለቱም ተነሣ። በሦስተኛው ግን የመብራቱ መቆራረጥ ዋናውን ፕሮግራም ራሱን አበላሸው። ይህ የሚደርስ ነገር ነው፤ ባለሙያ በገመድ ገብቶ ቢያስተካክለው አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ። እርሷ ግን መግቢያውን ዘግታዋለች። ቀስቃሹ ዋናውን ሊቀሰቅስ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ያቅተዋል። ባለሙያዋ ገመዱን ሰክታ ያልነካችው ቁልፍ አልቀረም። አልሰማትም። የሠራው እጅ የእርሷ ሆኖ ሳለ፣ እያየችው፣ እዚያው በዚያው ሲሽከረከር ዋለ።

ማልቀስ አማራት። አላለቀሰችም። ሣጥኑን ከግድግዳው አወረደችው።

የቀራት አንድ መንገድ ነበር፤ ቀስቃሹን ከሥሩ እንደገና መሥራት። ሰሌዳዋ ስትበራ መጀመሪያ ከውጭ የተሰካ ሚሞሪ ካርድ እንዳለ ታያለች፤ ስለዚህ አዲስ ቀስቃሽ በካርድ ላይ ከተጻፈላት ከዚያ ትነሣለች። ባለሙያዋ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ወጥታ፣ ላፕቶፗን በነጠላዋ ከካፊያ ከልላ፣ የሚያስፈልጋትን ከኢንተርኔት ስታወርድ ዋለች። ስትመለስ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነበረች።

የመጀመሪያውን ካርድ ጽፋ ሰካችው። ፀጥ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ የለም። ሰሌዳዋ ቀስቃሹን የምትፈልገው ካርዱ ላይ ካለ አንድ የተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ ባለሙያዋ ደክሟት አንድ ቁጥር ስታ ነበር። ሁለተኛውን ጻፈች። ግማሽ መስመር ተናግሮ ቆመ። የዚህችን ሰሌዳ ልክ መስጠት ሲገባት የሌላ፣ እርሷን የምትመስል ሰሌዳ ልክ ሰጥታት ኖሯል። ሦስተኛውን ከመጻፏ በፊት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ የቀስቃሹን ምርጫዎች፣ የምታውቃቸውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ማንበብ ጀመረች።

ስለ ጆሮው የሚናገረው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። አንደኛውን ታውቀዋለች፤ ማንኛውም ድምፅ ሲመጣ ቁም የሚለውን። ሁለተኛውንም ታውቀዋለች፤ ምንም አትስማ የሚለውን። ከእነዚህ በታች ሁልጊዜ ሳታነበው የምታልፈው ሦስተኛ ነበረ። እየቆጠርህ አዳምጥ፤ አንድ የታወቀ ቃል ሙሉውን ከሰማህ ብቻ ቁም፤ ሌላው ሁሉ ይለፍህ።

ትኩር ብላ አየችው። ሰማዩ የፈለገውን ያህል ቢያጓራ፣ አንድ ቃል አስተካክሎ መናገር አይችልም።

«አባባ» አለች፣ «አንድ ቃል ይስጡኝ። ሌላ ሰው የማያውቀው ይሁን።»

አዛውንቱ በክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም ሳይኖር ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ነገሯት። ሟች ባለቤታቸው እሳቸውን ብቻ ስትጠራ የምትላቸው ስም ነበር። «ይህን የሚያውቅ ሰው ከጠራኝ፣» አሉ፣ «የትም ልሄድ ብነሣ እቆማለሁ።»

ባለሙያዋ ቃሉን ጻፈችው። ሦስተኛው ካርድ ተናገረ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሳይደናቀፍ ተናገረ፤ እርሷም በር ላይ ቆመው የነበሩትን አዛውንት እጃቸውን ያዘች። በአዲሱ ቀስቃሽ በኩል ገብታ የተበላሸውን ዋና ፕሮግራም ጠገነች። ገመዱንም አሳጠረችው።

«እንግዲያ ገመዱ ካጠረ ቃሉ ለምኑ ነው?» አሏት አዛውንቱ።

«ኮሽታ በሌላ በኩልም ይመጣል፣ አባባ። ኮሽታ የሌለበት ቦታ ፈልጌ ልሰቅለው አልችልም። ወንዙ ያለው እዚህ ነው።»

ዝናብ ጠበቁ። መጣ። ነጎድጓዱ በላያቸው ላይ ሳለ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ቀስቃሹ ቆጠረ፣ ሰማዩን ሰማ፣ አለፈው፣ ቀሰቀሰ። አረንጓዴው ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቀጥላ አጥፍታ አበራችውና ሲቆጥር ያንን ስም ጻፈችለት። ወዲያው ቀጥ አለ፤ ምን ልታዘዝ?

«ሰማ» አሉ አዛውንቱ በቀስታ።

ባለሙያዋ ወርዳ ለመንደሩ ሰዎች የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የገመዱንም፣ ጆሮውን የዘጋችበትንም አልደበቀችም። «አሁን ይሠራል። ግን ክረምቱ እስኪወጣ ቋጥኙም ይኑር፣ ሳይረኑም ይኑር» አለቻቸው። ገበሬዋ ሴት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስትሰማት ቆየችና «እሺ፣ እናያለን» አለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ቀትር ላይ፣ ባለሙያዋ ከተማ ቢሮዋ ውስጥ ሳለች ስልኳ ጮኸ። ገበሬዋ ናት። ከኋላዋ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

«ጮኸ» አለቻት። «ቋጥኙ ላይ ያለው ሰው ገና ምንም ሳያይ ጮኸ። ወጣን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ቲማቲሙ ሄዷል። እኛ ግን ጉብታው ላይ ቆመን እያየነው ነው።»

መምህሩ እዚህ ላይ ወሬያቸውን አቆሙ። ወደ አስካለ ዞሩና ዓይን ዓይኗን አዩአት።

«እንግዲህ አስካለ፣ ያ ቀስቃሽ አንቺ ነሽ። ሦስት ጊዜ ለመነሣት ቆጠርሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ኮሽ አለና ቆምሽ። የጠራሽ ሰው አልነበረም። ጎረቤትሽ የሳቀችው ሳቅ ስለመጣባት ነው፤ አጎትሽ የተቆጣው በሌላ ነገር ተናዶ ውሎ ነው፤ ወሬው ደግሞ ባለቤት የለውም። አንቺ ግን ‹ታዘዝኩ› ብለሽ ቀጥ አልሽ። የተሠራሽበት ሥራ በሚፈለግበት ቀን፣ ትእዛዝ ስትጠብቂ ዋልሽ።

«አሁን ደግሞ ፈርተሽ ጆሮሽን ልትደፍኚ መጣሽ። ብትደፍኚው ትነሻለሽ፤ ሁለት ዝናብም ታልፊያለሽ። አንድ ቀን ግን እውነተኛ ስሕተት ይገባብሻል፤ ሥራ ያለ ስሕተት የለም። ያን ጊዜ የሚወድሽ ሰው እጅሽን ሊይዝ ቢጠራሽ አትሰሚውም። እዚያው በዚያው ስትሽከረከሪ ቆሞ ያይሻል።

«ስለዚህ አትድፈኚው፤ ለሁሉም አትክፈቺው። ከልብሽ ጋር ተቀመጪና የሥራሽን ቃል የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ ለዪ። ብየዳሽን አይተው ‹ይህ አልያዘም፣ ፍቺውና እንደገና ሥሪው› ሊሉሽ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይኖራሉ። እነሱ ሲጠሩሽ ቁሚ፤ ሥራውን በእጅሽ ይዘሽ ብትሆኚም ቁሚና አዳምጪ። ሌላው ሲያጓራ ስሚው፤ ሰማሁ ብለሽም እለፊው። ቁጠሪና ተነሽ።»

አስካለ ቀና ብላ «እርስዎስ፣ መምህር? ቃሉን ከሚያውቁት ነዎት?» አለቻቸው።

«እሱን የምትለዪው አንቺ ነሽ» አሉ መምህሩ። «እኔም ሰማዩ ልሆን እችላለሁ።»